ያልተፈታ የድሮ ዘረፋን የድራማ ክፍል ማድረግ፦ ከመዝገቡ እስከ መጨረሻው ረቂቅ

የወንጀል ተከታታይ ድራማ የሚጽፍ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ሐሳብ ይመጣለታል። መርማሪዋ አቧራ የጠጣ መዝገብ ታወጣለች፤ ማንም ያልፈታውን የድሮ ዘረፋ ትፈታለች። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ረቂቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ ይበላሻል። ወይ የክፍሉ ግማሽ በምልሰት (ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን በሚያሳይ ትዕይንት) አልቆ የዛሬው ታሪክ ባዶ ይቀራል፤ ወይ ሠላሳ ዓመት ያስቸገረ ጉዳይ በአንድ የዲኤንኤ ውጤት ተዘግቶ ተመልካቹ "ኧረ ባካችሁ!" ብሎ ቻናል ይቀይራል።

ይህ መመሪያ 42 ደቂቃ ለሚፈጅ አንድ ክፍል ነው። መለማመጃችን በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የሚገኘው የኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር ሙዚየም ዘረፋ ነው። ዝርዝሩ በሰፊው ይታወቃል፤ ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም። ለልምምድ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። "ዓ.ም." ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው። ደረጃዎቹን ሳትዘሉ ሂዱ። በተለይ ደረጃ 3ን ሳትጨርሱ አንድም ትዕይንት አትጻፉ።

ቀድማችሁ የምታዘጋጁት

1. ለመዝገቡ ብቻ የሚሆን አንድ ደብተር ወይም ፋይል። ስክሪፕቱን እዚያ ውስጥ አትጻፉ። ይቀላቀልባችኋል።
2. 40 ያህል ትናንሽ ካርዶች። በአንድ ካርድ አንድ ትዕይንት።
3. የዕድሜ ሠንጠረዥ። አጠቃቀሙ ደረጃ 5 ላይ አለ።
4. ሁለት አንባቢዎች። አንዱ ምርመራ ወይም ዐቃቤ ሕግነት የሠራ ሰው ይሁን። ሌላው ስለ ጉዳዩ ምንም የማያውቅ ይሁን። የመጀመሪያው ስሕተታችሁን ይነግራችኋል፤ ሁለተኛው የት ላይ ግራ እንደገባው። ሌላ ጸሐፊ ጓደኛችሁ ሁለቱንም አይተካም። እሱ የራሱን ታሪክ ነው የሚጽፍላችሁ።

ደረጃ 1፦ መዝገቡን በሦስት ክፈሉ

ገጹን ሦስት ዓምድ አድርጉት፦ የተረጋገጠ፣ የተባለ፣ የፈጠርነው። እያንዳንዱን መረጃ ከሦስቱ በአንዱ አስገቡ።

በጋርድነር ጉዳይ "የተረጋገጠ" የሚለው ዓምድ ይህን ይመስላል። እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1990፣ በእኛ መጋቢት 9 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ24 ላይ የቦስተን ፖሊስ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች የሙዚየሙን ደወል ደወሉ። ረብሻ አለ ተብለን ተጠርተን ነው አሉ። ጥበቃው ከመመሪያው ውጪ ከፈተላቸው። ከዚያ "መልክህ አዲስ አልሆነብንም፤ የእስር ትእዛዝ አለብህ" ብለው ከጠረጴዛው እንዲነሣ አደረጉት። የአደጋ ጥሪ ቁልፍ ያለው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነበር። ሁለተኛውንም ጥበቃ አስጠሩት። ሁለቱንም በካቴናና በፕላስተር አስረው ከመሬት በታች ባለው ክፍል አስቀመጧቸው። 81 ደቂቃ ቆይተው 13 ዕቃ ይዘው ወጡ። ከተወሰዱት መካከል የዝነኞቹ ሠዓሊዎች የሬምብራንትና የቨርሜር ሥዕሎች ይገኙበታል። ጠቅላላ ዋጋው 500 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል።

"የተባለ" የሚለው ዓምድ ደግሞ ይረዝማል። ማፊያ ነው ያሉ አሉ። የውስጥ ሰው ረድቷቸዋል ያሉ አሉ። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በ2013 ዘራፊዎቹን ለይተናል አለ። በ2015 ደግሞ ተጠርጣሪዎቹ ሞተዋል ተባለ። ስማቸው ግን በይፋ አልተጠራም። ዕቃዎቹም አልተገኙም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከውጭ ምንጭ ስትቀዱ ሰዓቱን ቀይሩ። "1፡24" የሚለውን እንዳለ ወስዶ "ከሌሊቱ አንድ ሰዓት ከ24" ብሎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ስድስት ሰዓት ስታዛቡ ሙዚየሙ ገና ጎብኚ ሊኖርበት በሚችል ምሽት ላይ ትወድቃላችሁ። ቀኑንም እንዲሁ አስታርቁ።

ምንጮች ሲጋጩ፦ አንዱን ለመምረጥ አትቸኩሉ። በ1969 ከጣሊያኗ ፓሌርሞ የተሰረቀውን የካራቫጆ ሥዕል ተመልከቱ። አንድ የቀድሞ የማፊያ አባል ጎተራ ውስጥ አይጥና አሳማ በልተውት የተረፈው ተቃጠለ አለ። ሌላው ለስዊዘርላንድ ነጋዴ ደርሶ ሊቆራረጥ ነበር አለ። ለጸሐፊ ይህ ሲሳይ ነው። አንዱን ቃል ለአንድ ገፀ ባሕሪ፣ ሌላውን ለሌላ ስጡና ተፋጠው ይቀመጡ።

ደረጃ 2፦ የማይገጥመውን ነገር ፈልጉ

የዘረፋው ትልቅነት ክፍሉን አይሸከምም። 500 ሚሊዮን ዶላር የሚለውን ቁጥር ተመልካች በሁለት ደቂቃ ይረሳዋል። የሚይዘው የማይገጥም ትንሽ ነገር ነው። ስለዚህ "የተረጋገጠ" የሚለውን ዓምድ ደግማችሁ አንብቡና "ይሄ ለምን?" የሚያሰኘውን ሁሉ አስምሩበት።

ከጋርድነር የሚወጡትን እነሆ፦

- ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቲሺያን ሥዕል ነበር። ከሙዚየሙ ውድ ሥራዎች ቁንጮ ነው የሚባለው እሱ ነው። አልነኩትም።
- በምትኩ አንድ ጥንታዊ የቻይና የነሐስ ዋንጫና ከናፖሊዮን ዘመን ባንዲራ ምሰሶ ጫፍ ላይ የነበረች ንስር ወሰዱ። የሬምብራንትን ትልቅ ሥዕል ከፍሬሙ በስለት ቆርጦ የሚያወጣ ሰው ለባንዲራ ጌጥ ምን አስጨነቀው?
- ቪዲዮውንና የሴንሰሩን (የእንቅስቃሴ መመዝገቢያውን) የታተመ ወረቀት ይዘው ሄዱ። የሴንሰሩ መረጃ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ ቀረ።
- የሠዓሊው የማኔ አንዲት ትንሽ ሥዕል ከምድር ወለሉ ሰማያዊ ክፍል ጠፋች። ዘራፊዎቹ በነበሩበት ሰዓት ግን ሴንሰሩ እዚያ ክፍል ውስጥ ምንም እንቅስቃሴ አልመዘገበም። የተመዘገበው ቀደም ብሎ ጥበቃው ሲዞር ነው። ባዶው ፍሬም ደግሞ የተገኘው የጥበቃ ኃላፊው ወንበር ላይ ነው።

አሁን አንዱን ብቻ ምረጡ። ይህ የሚያም ምርጫ ነው፤ አራቱም ያምራሉ። ግን አንድ ክፍል አራት እንቆቅልሽ አይችልም። የመጨረሻውን እመርጣለሁ፤ ሰው ላይ ስለሚያርፍ። ሌሎቹ ስለ ዕቃ ናቸው።

የመረጣችሁት ነገር ሞኝነት መስሎ ከታያችሁ አትጣሉት። በ1907 ከደብሊን ቤተ መንግሥት የአየርላንድ ዘውዳዊ ጌጣጌጥ ተሰረቀ። ጌጣጌጡ የተቀመጠው ለእሱ በተሠራው ጠንካራ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ካዝናው በበሩ አልገባ ብሎ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተትቶ ነበር! እንዲህ ብላችሁ ብትፈጥሩ ፕሮዲውሰሩ "አይታመንም" ይላችኋል። እውነተኛ ዘረፋ በእንዲህ ዓይነት ስንፍና የተሞላ ነው።

ከዚህ በኋላ የምንሠራበት ናሙና

የማይገጥመውን ነገር ዐቅፋችሁ ሌላውን ሁሉ ቀይሩ። ቦታውን፣ ዘመኑን፣ ዕቃውን፣ ሰዎቹን። የእኛ ናሙና ፈጠራ ነው፦ በ1985 ዓ.ም. አንድ የክፍለ ሀገር ትንሽ ሙዚየም በሌሊት ተዘረፈ። ዘጠኝ ዕቃ ጠፋ። ስምንቱ ከአንድ አዳራሽ ነው። ዘጠነኛዋ ትንሽ የብር መስቀል ግን ከሌላ የተቆለፈ ክፍል ነው የጠፋችው። ያ በር አልተሰበረም።

ደረጃ 3፦ ዛሬ ምን ተፈጠረ?

አብዛኛው ረቂቅ የሚሞተው እዚህ ነው። መርማሪዋ ሥራ ፈትታ መዝገብ ቤት ገብታ፣ ዓይኗ አንድ አቃፊ ላይ አርፎ... አይሆንም። ያልታወቀ ሰው የላከው ደብዳቤም አይሆንም፤ ላኪው ማን እንደሆነ ማስረዳት ሌላ ክፍል ይፈልጋል። የድሮው ጉዳይ የሚነሣው ዛሬ፣ በዚህ ሳምንት፣ አንድ ነገር ስለተንቀሳቀሰ መሆን አለበት።

የሚሠሩ መነሻዎች፦

1. ዕቃው ብቅ ይላል። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ቤልጅየማዊ ገዢ እጅ ገብቶ ነበር፤ ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ አገሩ ገባ።
2. የቆየ ማስረጃ ይፋ ይሆናል። በ2015 የቦስተን ባለሥልጣናት ከጋርድነር ዘረፋ አንድ ሌሊት ቀደም ብሎ የተቀዳ ቪዲዮ ለሕዝብ አሳዩ። አንድ ሰው ሙዚየሙ ውስጥ ሲገባ ይታያል። 25 ዓመት የተቀመጠ ምስል ድንገት ዜና ሆነ።
3. ወሮታው ያድጋል። ጋርድነር መጀመሪያ 1 ሚሊዮን ዶላር አለ፤ በ1997 ወደ 5 ሚሊዮን፣ በ2017 ወደ 10 ሚሊዮን ከፍ አደረገ። አሥር ሚሊዮን ዶላር የድሮ ጓደኛን ያናግራል።
4. የተደበቀው ነገር ዋጋ ሊያጣ ነው። ይህ ለእኛ አገር ጸሐፊ የተዘጋጀ ነው፤ ለምን በብዛት እንዳልተሠራበት ይገርመኛል። መስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ ለቅያሪው የተሰጠው ሦስት ወር ነበር። ዘራፊያችሁ ከባንክ የወሰደውን ጥሬ ብር በማዳበሪያ ቀብሮ ኖሯል እንበል። አሁን ወይ ያወጣዋል ወይ ወረቀት ይሆንበታል። የጊዜ ገደቡን መንግሥት ራሱ ጻፈላችሁ።

ለናሙናችን የመጀመሪያውን እንውሰድ። አንዲት ሴት ከእናቷ የወረሰችውን የብር መስቀል ልታስጠግን ወደ ብር ሠሪ ትወስዳለች። ብር ሠሪው ሲያገላብጠው እጀታው ላይ የሟች አባቱን ብየዳ ያያል። አባቱ ያንን መስቀል የጠገነው ለሙዚየሙ ነበር።

መፈተኛው ይህ ነው። "ለምን ዛሬ? ለምን ባለፈው ዓመት አይሆንም?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልወጣ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። በእኛ ናሙና መልሱ "እናቷ ስለሞተች" ነው። ያልፋል።

ደረጃ 4፦ ይርጋውን አስቀድማችሁ ጨርሱ

መርማሪዋ 30ኛው ደቂቃ ላይ ካቴና ልታወጣ ስትል የሕግ ባለሙያ የሆነ ተመልካች ይስቅባችኋል፤ ይርጋውን፣ ማለትም ወንጀሉ የሚያስከስስበትን የጊዜ ገደብ፣ ረስታችኋላ። የጋርድነር ስርቆት ራሱ በፌዴራል ሕጉ አምስት ዓመት ይርጋ ነበረው። በ1995 አበቃ። የተሰረቀውን እያወቁ መደበቅና መያዝ ግን በ1994 በወጣ ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኗል። ስለዚህ እዚያ ዋናው ጥያቄ "ማን ሰረቀ?" መሆኑ ቀርቶ "ማን ጋ ነው ያለው?" ወደሚለው ዞረ። አንድ የሕግ አንቀጽ የድራማውን አቅጣጫ ሲቀይር ታያላችሁ።

ታሪካችሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ የወንጀል ሕጉን የይርጋ ድንጋጌዎች አንብቡ። የጊዜው ርዝመት እንደ ወንጀሉ ክብደት ይለያያል። ከዚያ ያንን ባለሙያ አንባቢያችሁን ጠይቁ። ከድራማ ቡድን ጋር በግምት አትወስኑ።

ይርጋው አልፎ ከተገኘ አትደንግጡ። ይጠቅማችኋል። እስር ከሌለ መርማሪዋ የምታስፈራራበት ነገር የላትም። ሰውየው የሚናገረው መናገር ስለፈለገ ብቻ ይሆናል። ያ ትዕይንት ከካቴና ይበልጣል።

ደረጃ 5፦ ሰዎቹን አስረጇቸው

ሠንጠረዡን አውጡ። በአንድ ወገን የዘረፋው ዓመት፣ በሌላው የዛሬው። ናሙናችን 1985 እና 2017 ዓ.ም. ነው። ልዩነቱ 32 ዓመት። ያኔ የ26 ዓመት ዘበኛ ዛሬ 58 ነው። ያኔ የ50 ዓመት ኃላፊ ዛሬ 82 ነው፤ ምናልባትም የለም። መርማሪዋ 35 ከሆነች ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ጨምሩ፦ በ32 ዓመቱ ውስጥ ይህ ዘረፋ ምን አደረገው? ሥራ አሳጣው? ስሙ ጠፋ? ሀብታም ሆነ? መልስ ያልተገኘለትን ገፀ ባሕሪ አውጡት። መረጃ ለማቀበል ብቻ የገባ ነው።

የተለመደ ስሕተት፦ የድሮው መርማሪ ሁልጊዜ ጡረታ ወጥቶ፣ መዝገቡን ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ መጠጥ ይዞ ይጠብቃል። ይቅርባችሁ። ብዙ ጡረተኛ ጉዳዩን ረስቶታል። ወይም ሲጠየቅ ይቆጣል። ለትዕይንት የሚቆጣ ሰው ይሻላል።

ደረጃ 6፦ አንዱን ጥያቄ መልሱ፣ ሌላውን ተዉት

ሁለት ካርድ ውሰዱ። አንዱ ላይ ትልቁን ጥያቄ ጻፉ፦ ዘራፊዎቹ እነማን ነበሩ? ስምንቱ ዕቃ የት ነው? ሌላው ላይ ትንሹን፦ የተቆለፈውን ክፍል ማን ከፈተው?

ክፍሉ የሚመልሰው ትንሹን ነው። ግን ትንሹ መልስ ትልቁ ለምን ሳይፈታ እንደቆየ ማስረዳት አለበት። ይህ ማያያዣ ከሌለ ተመልካች "ታዲያ ምን ቀረልኝ?" ይላል።

በናሙናችን እንዲህ ይያያዛል። ዘበኛው መስቀሏን ራሱ ነው የወሰዳት። ከእናቱ ሰበካ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሙዚየም የተወሰደች መስቀል ነበረች። እዚያው ለአንዲት የሰበካው ሴት፣ መስቀሏን ዛሬ ለብር ሠሪ ለወሰደችው ሴት እናት፣ ሊመልሳት አስቦ በዚያ ምሽት ክፍሉን ከፍቶ አወጣት። በአጋጣሚ ዘራፊዎቹ የመጡት ከሰዓታት በኋላ ነው። ሁሉም ነገር በእነሱ ተላከከ። ዘበኛው ፊታቸውን አይቷል፤ አንዱ ሌላውን በስሙ ሲጠራው ሰምቷል። ግን ከተናገረ ጥያቄው ወደ ተቆለፈው ክፍል ይመጣል። ስለዚህ 32 ዓመት ዝም አለ።

ፕሮዲውሰሩ "ሌቦቹ ይያዙ" ካለስ? ሦስት መውጫ አላችሁ። ማንነታቸው ይታወቅ፣ ግን ሞተው ይገኙ። ወይም ይታወቅ፣ ግን ይርጋው ይከልክል። ወይም አንድ ዕቃ ይገኝ፣ ሌሎቹ አይገኙ። ሦስቱንም ጽፋችሁ ውሰዱለትና ይምረጥ። ባዶ እጃችሁን ገብታችሁ "አይሆንም" ካላችሁ እሱ የፈለገውን ያስጽፋችኋል።

ደረጃ 7፦ ካርዶቹን ደርድሩ

1. ከ0 እስከ 3ኛው ደቂቃ። ብር ሠሪው። ሴትየዋ መስቀሏን ሰጥታ ትሄዳለች፤ እሱ እጀታውን ያያል። ምልሰት የለም። ስለ ዘረፋ ማብራሪያም የለም። የብር ሠሪው ፊት ይበቃል።
2. ከ3 እስከ 10። መርማሪዋ ጉዳዩን ትረከባለች። አለቃዋ "ይርጋ ያለፈበትን ምን ልታደርጊው ነው?" ይላታል። ሁለት ቀን ይሰጣታል። ተመልካቹ ስለ ዘረፋው ማወቅ ያለበትን ግማሹን እዚህ ያገኛል፤ ግማሹን ብቻ።
3. ከ10 እስከ 18። የተሳሳተው መንገድ። ሴትየዋ ትጠረጠራለች። የእናቷ ሕይወት ይበረበራል። ለቅሶ ላይ ያለ ቤት ውስጥ ፖሊስ ሲገባ የሚፈጠረውን አትዝለሉት። ጎረቤት አለ፣ ድንኳን አለ፣ ሐሜት አለ።
4. ከ18 እስከ 22። ከዘበኛው ጋር የመጀመሪያው ሻይ። ይዋሻል። ውሸቱ ግን አሳማኝ ይሁን።
5. ከ22 እስከ 30። የቁልፍ መዝገቡ ይገኛል። ክፍሉ የተከፈተው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ዘራፊዎቹ የደረሱት ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ያኔ ይህ ለምን አልታየም? የድሮው መርማሪ ያየው ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ያለውን ገጽ ብቻ ስለሆነ።
6. ከ30 እስከ 37። ሁለተኛው ሻይ።
7. ከ37 እስከ 42። ዘበኛው ይናገራል። መርማሪዋ መስቀሏን ለማን እንደምትመልስ ትወስናለች። ሙዚየሙ አለ፣ ሰበካው አለ፣ እናቷ የሞተችባት ሴት አለች።

ማስጠንቀቂያ ለ5ኛው፦ እዚህ ቦታ ዲኤንኤ አታስገቡ። ላቦራቶሪ ለሰነፍ ጸሐፊ መጠለያ ነው። ደግሞም እውነታው ያን ያህል አያግዛችሁም። የጋርድነር ጥበቃዎች የታሰሩበት ካቴናና ፕላስተር ለአዲስ ምርመራ ሲፈለግ ከኤፍቢአይ እጅ እንደጠፋ በ2017 ተዘግቧል። የጠፋ ማስረጃ ከተገኘ ማስረጃ የተሻለ ትዕይንት ይወጣዋል። ባለሥልጣን ፊት ቀርቦ "የት አደረጋችሁት?" የሚል ሰው ያስፈልገዋልና።

መሃሉ ከላላ፣ ማለትም 20ኛው ደቂቃ አካባቢ ራሳችሁ ከሰለቻችሁ፣ አዲስ ተጠርጣሪ አትጨምሩ። ከላይ በተራ ቁጥር 5 ያለውን አራት ደቂቃ አስቀድሙት። አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ምልሰቱን ቁጠሩ

ምልሰት በድምሩ ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። አንዱ ምልሰት ከአንድ ደቂቃ አይርዘም። ከዚህ በተጨማሪ ሦስት ሕግ አለ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ምልሰት ባለቤት ይኑረው። ማን ነው የሚያስታውሰው? ባለቤቱ ያላየውን አታሳዩ። የጋርድነር ጥበቃዎች ፖሊስ ጠዋት እስኪደርስ ድረስ ታስረው ከመሬት በታች ነበሩ። ፎቅ ላይ ሥዕል ሲቆረጥ አላዩም። ስለዚያ 81 ደቂቃ የሚታወቀው ከሴንሰሩና ከተተወው ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ካላችሁ ምልሰቱን ለማሽኑ ስጡት። በሕንፃው ፕላን ላይ የምትንቀሳቀስ ነጥብ አሳዩ። ክፍል ገባች፣ ቆመች፣ ወጣች። ሰው የለም፣ ፊት የለም። ተዋናይ ጭንብል አጥልቆ ከሚሮጥበት ትዕይንት የበለጠ ያስፈራል፤ ወጪውም ትንሽ ነው።

ሁለተኛ፣ አንድን ቅጽበት መድገም ይፈቀዳል፤ ግን በተደገመ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ይቀየር። በመጀመሪያው የዘበኛው ምልሰት በሩ ዝግ ነው። በሁለተኛው ዝግ ነው፣ ግን ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ይታያል። በሦስተኛው ክፍት ነው።

ሦስተኛ፣ ዘመኑን ፈትሹ። ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፉት፦ በዚያ ዓመት ብሩ የትኛው ነበር? የመኪናው ታርጋ? የስልክ ቁጥሩ ስንት አሃዝ ነበር? የፖሊሱ ልብስ? ግድግዳው ላይ የማን ፎቶ ተሰቅሎ ነበር? በ1985 ዓ.ም. ሞባይል ያወጣ ዘበኛ ክፍሉን ብቻውን ይገድለዋል። ከቀረጻ በኋላ ከታየ ድምፁን አቆዩና ምስሉን በሌላ ሸፍኑ፤ ለምሳሌ በበሩ እጀታ።

ወጣቱና ሽማግሌው ተዋናይ አልመሳሰል ካሉ ወጣቱን ከኋላው ቅረጹት። እጁን፣ አረማመዱን፣ ቁልፍ አያያዙን። ሽማግሌው ያንኑ ቁልፍ አያያዝ ይደግመው። ሜካፕ ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ ይሻላል።

ደረጃ 9፦ ንግግሩን ከሪፖርት አውጡት

ሁላችንም ያየነው ይህ ነው፦

መርማሪዋ፦ አለቃ፣ እንደሚያውቁት ከ32 ዓመት በፊት ሁለት ሰዎች ሙዚየሙን ዘርፈው ዘጠኝ ዕቃ ወስደዋል።
አለቃ፦ አዎ፣ እስካሁንም አልተያዙም። ስምንቱ ከአዳራሹ፣ አንዱ ከተቆለፈው ክፍል ነበር።

"እንደሚያውቁት" የምትል ቃል ካገኛችሁ ትዕይንቱን ሰርዙ። የሚያውቀውን ሰው ለምን ትነግረዋለች? ተመልካች ማወቅ ያለበትን መረጃ ለማያውቅ ሰው፣ ወይም ለሚክድ ሰው አቅርቡት። ሁለተኛው ይሻላል።

መርማሪዋ፦ ጋሼ፣ ያን ክፍል የከፈቱት እርስዎ ነዎት?
ዘበኛው፦ ቁልፉ እኔ ጋ ነበር።
መርማሪዋ፦ እሱን አልጠየቅኩዎትም።
ዘበኛው፦ ሻይሽ ቀዘቀዘ እኮ፣ ልጄ። ጠጪ እንጂ።

ቁልፍ እንደነበረው ነገረን። መልስ እንደሸሸም አየን። በእንግድነት ስም ነው የሸሸው፤ እሷም እምቢ ልትለው አትችልም። ሰው ሲዋሽ በቀጥታ "አላውቅም" አይልም። ስኳር ያቀርባል፣ ስለ ልጆቹ ያወራል፣ ዝናቡን ይወቅሳል። ወደዚያ ውሰዱት።

ሁለተኛው ሻይ ላይ ግን አንድ ነገር ቀይሩ። ሻይ አይቅረብ።

ደረጃ 10፦ ከማስረከባችሁ በፊት

1. ሰዓት ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። "አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ" የሚባለው ልኬት የመጣው ከእንግሊዝኛ ስክሪፕት አጻጻፍ ነው። በአማርኛ ፊደልና አነጋገር አይገጥምላችሁም። በአፍ ያነበባችሁት 42 ደቂቃ ላይ ካረፈ ገና ረዝሟል፤ ዝምታና እንቅስቃሴ ሲጨመር ያልፋል። 35 አካባቢ አድርሱት።
2. እውነተኛ ሰው ላይ ጣት እንዳልቀሰራችሁ አረጋግጡ። ይህን አቅልላችሁ አትዩት። ከጋርድነር ጥበቃዎች አንዱ ሕይወቱ እስኪያልፍ ጥርጣሬ ይከተለው ነበር፤ ክስ ግን ተመሥርቶበት አያውቅም። የእኛ ናሙና ዘበኛ ጥፋተኛ የሆነው በፈጠራ ነው፤ ስለ እውነተኛው ሰው የሚናገረው ነገር የለም። ቦታውን፣ ዘመኑንና ዕቃውን የቀየርነውም ለዚሁ ነው። "በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ" የሚል ጽሑፍ ለመለጠፍ ካሰባችሁ መጀመሪያ ጠበቃ ያንብበው።
3. "የተባለ" የሚለውን ዓምድ ከስክሪፕቱ ጋር አመሳክሩ። ወሬ የነበረ ነገር ረቂቅ በተቀየረ ቁጥር ቀስ እያለ እውነት ሆኖ ይቀመጣል። የትኛው ገፀ ባሕሪ እንደተናገረው ካልታወቀ አውጡት።
4. ምንም የማያውቀውን አንባቢ ጥሩ። አንብቦ ሲጨርስ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁት፦ ክፍሉን ማን ከፈተው? ዘበኛው ለምን ዝም አለ? የመጀመሪያውን መልሶ ሁለተኛውን ከሳተ ችግሩ ደረጃ 6 ላይ ነው፤ ንግግር ብትጨምሩ አይስተካከልም። ሁለቱንም ከሳተ ቁልፍ መዝገቡ የሚገኝበትን ትዕይንት እንደገና ጻፉ። ሁለቱንም መልሶ "ስምንቱስ ዕቃ የት ገባ?" ብሎ ከጠየቀ ረቂቁን ላኩት።